“ብረት ነው፣ አይቃጠልም” ተብሎ የሚሸጠው ካቢኔት

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት ሱቆችን ከነሸቀጣቸው አውድሟል። በእንዲህ ያለ አደጋ የዕቃው መቃጠል ለሁሉም ይታያል። ከዕቃው ባልተናነሰ ነጋዴውን የሚጎዳው ግን የማይታየው ጥፋት ነው። የዱቤ መዝገቡ፣ የኪራይ ውሉ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ፣ የግብር ደረሰኙና የኢንሹራንስ ውሉ አብረው ከጠፉ፣ ባለንብረቱ የነበረውን ለማስረዳትም ሆነ የሚገባውን ለመጠየቅ ይቸገራል። እነዚህን ወረቀቶች ብዙው ነጋዴ የሚያስቀምጠው በላሜራ ካቢኔት ውስጥ ነው። ሻጩ “ብረት ነው፣ አይቃጠልም” ይላል፤ ገዢውም አምኖ ይወስዳል።

አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ላሜራው አይቃጠልም፤ በውስጡ ያለው ወረቀት ግን ይቃጠላል። ችግሩም በላሜራ ካቢኔት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ለወረቀት የተሠራው ለጥሬ ገንዘብ፣ ለልብስ የተሠራው ለኩሽና፣ ለደረቅ ክፍል የተሠራው ለእርጥብ ቦታ ሲውል ገንዘብ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ሰው ይጎዳል። ካቢኔት መመረጥ ያለበት በመልኩ ወይም በዋጋው ሳይሆን በሚይዘው ዕቃና በሚቆምበት ቦታ ነው።

ላሜራ፣ ካዝናና እሳት

ወረቀት በ230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀጣጠላል። በእሳት የተያያዘ ክፍል ሙቀት ደግሞ ከ600 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ነጠላ ላሜራ ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያስተላልፍ ካቢኔቱ እንደ ምድጃ ይሆናል፤ ነበልባል ሳይነካውም ውስጡ ያለው ወረቀት ይከስላል።

እሳት የሚቋቋም ካዝና ወይም ካቢኔት የሚለየው ድርብ ግድግዳ ስላለው ነው። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ጀሶን ወይም ኮንክሪትን የመሰለ ነገር ይሞላል። ጀሶ በውስጡ የያዘው ውሃ በሙቀቱ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፤ በዚህም ውስጡ ለተወሰነ ጊዜ ሳይግል ይቆያል። የዚህ ዓይነቱ ዕቃ በጣም የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ትልቅ ሆኖ በቀላሉ የሚነሳ “እሳት የማይበግረው” ካቢኔት ከቀረበ ገዢው ሊጠራጠር ይገባል።

ገዢው ማየት ያለበት በበሩ ውስጠኛ ገጽ የሚለጠፈውን የፍተሻ ምልክት ነው። በአሜሪካኑ ዩ ኤል መመዘኛ ባለ350 ደረጃ የሚባለው፣ ለተወሰነው ሰዓት ከውጭ እሳት ሲነድ የውስጡ ሙቀት ከ350 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ177 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዳያልፍ የተፈተሸ ነው። ይህ ለወረቀት በቂ ነው። የኮምፒዩተር ዲስክና ፍላሽ ግን በዚህ ሙቀት ይበላሻሉ። ለእነርሱ የወጣው ደረጃ ባለ125 ሲሆን የሚፈቅደው ሙቀት 52 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብቻ ነው። “ወረቀቱም ፍላሹም አንድ ካዝና ውስጥ ነው፣ አያሳስብም” የሚል ድርጅት ይህን ልዩነት ሊያውቅ ይገባል።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር፣ እሳትን መቋቋምና ሌባን መቋቋም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። እሳት የሚችለው ካዝና በመሮ ሊበረገድ ይችላል፤ ሌባ የማይሰብረውም ወረቀቱን ላያድን ይችላል። በሁለት ሰው የሚነሳ ትንሽ ካዝና ደግሞ ከኮንክሪት ወለል ጋር በብሎን ካልታሰረ፣ ሌባው ሳይከፍተው እንዳለ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ከቃጠሎ በኋላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጋለ ካዝና ወዲያው ሲከፈት አየር ይገባል፤ እስከዚያ የተረፈው ወረቀትም በዚያች ቅጽበት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ካዝናው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያሻል። አሮጌ ካዝና የሚገዛ ወይም የሚፈታ ሰው ደግሞ በግድግዳው መካከል አስቤስቶስ ሊኖር እንደሚችል ማወቅ አለበት። ብናኙ የሳንባ ካንሰር የሚያስከትል በመሆኑ እንዲህ ያለውን ካዝና መብሳትና መፍለጥ አይገባም።

ውፍረቱን በሚዛን

ለተራ ፋይል የላሜራ ካቢኔት በቂ ነው። ዋጋውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የላሜራው ውፍረት ሲሆን፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ባለ0.6 ሚሊ ሜትሩን ከባለ0.8 ወይም ከባለ1 ሚሊ ሜትሩ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ሚዛን ግን አይዋሽም። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ባለ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በዚህ ስሌት 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነው ላሜራ ባለ0.6 ሲሆን 9.4 ኪሎ፣ ባለ0.8 ሲሆን 12.6 ኪሎ፣ ባለ1 ሲሆን ደግሞ 15.7 ኪሎ ይደርሳል። መጠናቸውና አሠራራቸው እኩል የሆነ ሁለት ካቢኔቶች በአንድ ዋጋ ሲቀርቡ ከባዱ የበለጠ ብረት አለው ማለት ነው። በብዛት የሚገዛ ድርጅት ውፍረቱ በፕሮፎርማው ላይ እንዲጻፍ ማድረግ፣ ርክክብ ሲደረግም አንዱን አስመዝኖ ማረጋገጥ ይችላል።

ከውፍረቱ ቀጥሎ መሳቢያው መታየት አለበት። ባዶ መሳቢያ ሁልጊዜ ጥሩ ይንሸራተታል። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ስቦ፣ በላዩ የተወሰነ ክብደት አስቀምጦና በእጅ ጫን ብሎ መሞከር ያስፈልጋል። ቀጥሎ አንዱን መሳቢያ ከፍቶ ሁለተኛውን ለመክፈት መሞከር ነው። በደንብ የተሠራው ካቢኔት አንዱ ሲከፈት ሌሎቹን የሚቆልፍ ዘዴ አለው። ይህ ጉድለት ሳይሆን፣ ኋላ እንደሚብራራው፣ የሰው ሕይወት መጠበቂያ ነው።

ቁልፉን በሚመለከት ደግሞ በራሱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማየት ይበቃል። በፋብሪካ በብዛት የሚመረቱ ካቢኔቶች ቁልፎች በቁጥር የተመደቡ ስለሆኑ፣ ያንኑ ቁጥር የያዘ ሌላ ቁልፍ ያንኑ ካቢኔት ይከፍታል። ስለዚህ የፋይል ካቢኔት የጥሬ ገንዘብና የቼክ ደብተር ማስቀመጫ ሊሆን አይገባም።

በጨረታ ወይም በምናለሽ ተራ ያገለገለ ካቢኔት የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ታቹን ይገልብጥ። ዝገት የሚጀምረው የወለል እጥበት ከሚነካው ከታችኛው ጠርዝ ነው። ከላይ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ታቹ የተበላ ካቢኔት ጥቂት አይደለም። ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ መሆናቸውም ይታይ፤ አንዴ የተጣመመ የላሜራ ሳጥን በሩ ተመልሶ ልክ አይገጥምም።

የ120 ኪሎ ግራም ግምት

አንድ እሽግ ወይም 500 ገጽ ኤ4 ወረቀት 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ውፍረቱም 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ኋላ 60 ሳንቲ ሜትር የሚገባ መሳቢያ ጢም ብሎ ሲሞላ 30 ኪሎ ያህል ወረቀት ይይዛል። ባለአራት መሳቢያው ካቢኔት እንግዲህ 120 ኪሎ ግራም ሊሸከም ነው። ይህ ክብደት በጀርባው በኩል ሳለ ካቢኔቱ አይነቃነቅም። የላይኞቹ ሁለት መሳቢያዎች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ግን 60 ኪሎው ከካቢኔቱ እግር አልፎ ወደ ፊት ይወጣል። ታችኞቹ ባዶ ከሆኑ ካቢኔቱ ከፊቱ በቆመው ሰው ላይ ይወድቃል።

መከላከያው ቀላል ነው። ከባዱ ፋይል ሁልጊዜ ከታች ይቀመጥ፤ አንድ መሳቢያ ብቻ ይከፈት፤ ሥራው ሲያልቅም ወዲያው ይዘጋ። ካቢኔቱ የሚቆምበት ወለል በውሃ ልክ ይታይ። ወደ ፊት ያዘነበለ ከሆነ ከፊት እግሮቹ ስር ጠንካራ ነገር መደገፍ፣ ከጀርባም ከግድግዳው ጋር ማሰር ይገባል።

በመኖሪያ ቤት ውስጥ አደጋው የሚበረታው በሕፃናት ላይ ነው። ሕፃን ልጅ መሳቢያ ከፍቶ እንደ ደረጃ ሊወጣበት ይሞክራል። ሕፃናት በልብስ መሳቢያ ተጨፍልቀው ከሞቱ በኋላ፣ የስዊድኑ ኢኬያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 በአሜሪካ ብቻ 29 ሚሊዮን ያህል ባለመሳቢያ ሣጥኖችን ከገዢዎች እንዲመለሱ ጠርቷል። ከመስከረም 2023 ጀምሮም በዚያው አገር የሚሠሩና ከውጭ የሚገቡ የልብስ ማስቀመጫዎች፣ 27 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢንጠለጠልባቸው እንዳይወድቁ ተፈትሸው እንዲወጡ በሕግ ግዴታ ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ በልክ የሚሠራ ቁም ሳጥን የሚያዝ ሰው ይህንኑ ጥንቃቄ በሁለት ማጠፊያ ብረትና በጥቂት ብሎን ከአናጢው ሊያገኝ ይችላል። ጠይቆ ማሠራት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ማሰሪያው ግን እንደ ግድግዳው ይለያያል። በኮንክሪት ውስጥ የገባ ፊሸር በደንብ ይይዛል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ መሰርሰሪያው ባዶው ክፍል ላይ ካረፈ ተራ ፊሸር ከነቪቲው ተነቅሎ ይወጣል። እዚያ ላይ ከውስጥ የሚከፈት፣ ለባዶ ግድግዳ የተሠራ ማሰሪያ ያስፈልጋል። በጭቃ ቤትና በጂፕሰም ክፍልፋይ ላይ ከባድ የግድግዳ ካቢኔት መስቀል ግን አይመከርም፤ ወለል ላይ የሚቆመው ይመረጣል።

ዋንዛ፣ ችፑድ ወይስ ኮምፔርሳቶ?

ለቤት ካቢኔት ገበያው የሚያቀርበው ምርጫ ብዙ ነው። ከአገር በቀል እንጨቶች ዋንዛ ለመሥራት ቀላልና ብዙም የማይጣመም በመሆኑ ለቁም ሳጥንና ለቡፌ ይወደዳል። ጥድ ነፍሳትን በመቋቋም ይታወቃል። ባሕር ዛፍ በቂ ሳይደርቅ ከተሠራ ይሰነጠቃል፤ ይጣመማልም። ሆኖም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን በተለይ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ዛፎች መካከል መድቧቸው ነበር። እነዚህ እንጨቶች ከየት እንደመጡ የሚያስረዳ ወረቀት መጠየቅ ለገዢውም ለደላላውም ይጠቅማል።

ችፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ርካሽና ልሙጥ ቢሆንም ትልቁ ጠላቱ ውሃ ነው። አንዴ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ችፑድ ተመልሶ አይስተካከልም፤ ቪቲውም ይላቀቃል። ኤም ዲ ኤፍ ከእርሱ የጠነነና ለቀለም የሚመች ሲሆን በጣም ይከብዳል፤ ውሃም አይወድም። ስስ ሳንቃዎች ተደራርበው የተጣበቁበት ኮምፔርሳቶ በዋጋ ቢወደድም ቪቲ ይይዛል፤ እርጥበትንም ከሁለቱ የተሻለ ይቋቋማል። ለኩሽናው የታችኛው ክፍልና ለመታጠቢያው ስር ኮምፔርሳቶ፣ ለላይኛውና ለበሩ ሌላውን ማድረግ ወጪን ያመዛዝናል። ቤት አስማምሮ ለሚያከራይ ባለሀብት ይህ ልዩነት በየተከራዩ መውጫ የሚከፈል የጥገና ሒሳብ ነው።

የችፑድን ጥራት ለማወቅ ጠርዙን ማየት ይበቃል። ልባጡ አራቱንም ጠርዝ፣ ከስርና ከጀርባ ያለውን ጭምር መሸፈን አለበት። ብዙ ሠራተኛ ፊቱን ብቻ ይለብጥና የማይታየውን ይተወዋል፤ ውሃ የሚገባውም በዚያው ነው።

የመደርደሪያው ርዝመት ሌላው ነጥብ ነው። ባለ18 ሚሊ ሜትር ችፑድ መጽሐፍ ወይም ሳህን የሚሸከም ከሆነ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ ባይዘረጋ ይመረጣል። በየሜትሩ ያለው ጭነት ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን መጉበጡ በ16 እጥፍ ይጨምራል። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግን መጉበጡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሰፊና አንድ ወጥ መደርደሪያ ሲያዩት ያምራል፤ ከመሐሉ የሚቆም ድጋፍ ግን ዕድሜውን ያረዝመዋል።

አዲስ የችፑድና የኤም ዲ ኤፍ ካቢኔት የሚያወጣው ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ከሙጫው የሚወጣ ፎርማልዴሃይድ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን ጋዝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት መድቦታል። በሰሌዳው ላይ ኢ1 የሚል ምልክት ካለ የሚወጣው መጠን ዝቅተኛ ነው ማለት ነው። ምልክት የሌለውን መኝታ ቤት ከማስገባት በፊት በሩንና መሳቢያውን ከፍቶ ለሳምንታት ማናፈስ ይበጃል።

ኩሽናው ውስጥ

በኩሽና ካቢኔትን የሚያበላሸው እንፋሎት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በግድግዳ ካቢኔት ስር ተቀምጦ እንጀራ ሲጋገርበት፣ እክፋዩ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ በቀጥታ የችፑዱን ጠርዝ ይመታል። ምጣዱ በመስኮት አጠገብ፣ ከላዩ ካቢኔት በሌለበት ቦታ ቢቀመጥ ካቢኔቱ ይተርፋል። ከጋዝ ምድጃ በላይ ያለ የእንጨት ካቢኔት ደግሞ ከምድጃው ፊት ቢያንስ 76 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት።

የጋዝ ሲሊንደርን በካቢኔት ውስጥ መደበቅ ተለምዷል። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስም ወደ ታች ወርዶ ይከማቻል። ስለዚህ ሲሊንደር የሚቀመጥበት ካቢኔት ከታች በኩል አየር ማስወጫ ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው። ቀዳዳ ከሌለው ሲሊንደሩ ከውጭ ቢሆን ይሻላል።

ላምባ፣ በረኪናና የተባይ መድኃኒት ከምግብ ጋር በአንድ ካቢኔት አይቀመጡም፤ በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስም አይገለበጡም። ቦታቸው ሕፃን የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ካቢኔት ነው። በቁም ሳጥን ውስጥ የሚጣለው ናፍታሊንም ከረሜላ ስለሚመስል ሕፃናት ይውጡታል። በደም ላይ ጉዳት የሚያደርስ መርዝ በመሆኑ እጃቸው ከማይደርስበት ሊቀመጥ ይገባል።

አወላወሉና አደጋው

ብዙ ካቢኔት የሚበላሸው በአጠቃቀም ሳይሆን በማጽዳት ነው። ላሜራ በለስላሳ ሳሙናና በተጨመቀ ጨርቅ ይታሻል፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይደርቃል። በሽቦ ከተፋቀ ቀለሙ ይጫራል፤ ዝገቱም ከጭረቱ ይጀምራል። የዛገ ቦታ ከታየ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ በዝገት መከላከያ ቀለም መንካት ርካሽ ነው። ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት በእርጥብ ሳይሆን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ፣ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ይወለወላል። የችፑድ ካቢኔት ባለበት ክፍል ወለሉን በባልዲ ውሃ ከማጠብ መወልወል ይሻላል፤ ወይም ካቢኔቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የብረት ወይም የፕላስቲክ እግር ይቁም።

ከሁሉ የከፋው የማጽጃዎች መቀላቀል ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ፣ ወይም ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃና ከኮምጣጤ ጋር ሲቀላቀል ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አንዱ ካቢኔት በአንድ ማጽጃ ብቻ፣ መስኮት ተከፍቶ ይጽዳ። ቀለምና ሙጫ ለማስለቀቅ ቤንዚን የሚጠቀሙም አሉ፤ ትነቱ ርቆ ካለ የከሰል ምድጃ ጭምር ሊቀጣጠል ይችላል። በተልባ ዘይት የተወለወለበት ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ አለበት።

አሮጌ ቀለም ያለበትን ካቢኔት የሚያድስ ሰው ደግሞ ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት እንደሚችል ያስብ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ ላይ ወስኖታል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን በዚህ አይታሰርም። አሮጌ ቀለም በደረቁ ከሚፋቅ እየረጠበ ቢፋቅ፣ አቧራውም ከልጆች ቢርቅ ይመረጣል።

ወረቀቱን ማትረፍ

ወደ ነጋዴው ወረቀት ስንመለስ፣ እሳት የሚቋቋም ካዝና ለመግዛት አቅሙ ለማይፈቅድለት ባለሱቅ ርካሹ መከላከያ ካቢኔት አይደለም፤ ቅጂ ነው። የውሉ፣ የካርታው፣ የኢንሹራንስ ውሉና የዱቤ መዝገቡ ቅጂ ሱቁ ካለበት ሕንፃ ውጭ፣ በቤት ወይም በታመነ ሰው ዘንድ ከተቀመጠ ሁለቱም ቦታ በአንድ ሌሊት አይቃጠልም። ዋና ሰነዶቹ በተቻለ መጠን ሱቅ ውስጥ ባያድሩ ይሻላል። ሱቅ ውስጥ የግድ የሚያድሩት ደግሞ ከኤሌክትሪክ ቆጣሪና ከሶኬት በራቀ ካቢኔት፣ በታችኛው መሳቢያ ይቀመጡ፤ ሙቀት ከላይ ይበረታልና። ላሜራው ወረቀቱን ከአቧራ፣ ከአይጥና ከሚነካካ እጅ ይጠብቃል። የተገዛው ለዚህ ነው፤ ከእሳት ያድናል ብሎ መተማመን ግን የሻጩን ወሬ እንደ ዋስትና መቁጠር ይሆናል።